በወረቀት የተላከ እግር

ጅቡቲ፣ መስከረም 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ ለእትዬ ንጋቷ፣

ይህ ደብዳቤ አንቺንም ሱቅሽንም ጎረቤቶችሽንም በደህና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ስለ እኔ አታስቢ፤ ሙቀቱ በረድ እያለልኝ ነው፣ የምበላውም አላጣሁም። ለጎረቤትሽ ለላዳን ሰላም በይልኝ። ልጆቿ አድገው ሱቅ መቀመጥ ጀመሩ ወይ?

ባለፈው ስጽፍልሽ ጀልባ ላይ የባሕር ጠላቂዎች አየር ጠርሙስ ተሸካሚ ነኝ ብዬሽ ነበር። አሁንም ያው ነኝ፤ ግን አንድ ነገር መጥቷል። የጀልባው ባለቤት ፈረንሳዩ ሙሴ ሬኔ፣ እኔንና ዐብዲራሺድ የሚባለውን የሥራ ባልደረባዬን ጠርቶ፣ በጥር ወር የሚሰጠውን ፈተና ካለፋችሁ ከእንግዶች ጋር ባሕር ውስጥ ትወርዳላችሁ አለን። ከግንቦት ጀምሮ ሲያስተምረን ነበር፤ እኔ እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ወርጃለሁ። መጀመሪያ ላይ ውኃ ውስጥ መተንፈስ ያስደነግጣል። ኋላ ግን ካራማራ ላይ ቆሞ ጅጅጋን ቁልቁል እንደማየት ነው፤ ሁሉም ነገር ከእግርሽ በታች ጸጥ ብሎ ይታያል። ይህ ፈተና ካመለጠኝ ዕድሜ ልኬን ጠርሙስ ስሸከም እንደምኖር አውቄዋለሁ።

ያስቸገረኝ የእግሩ ነገር ነው። እዚህ ፓልም ይሉታል። እንደ ጫማ የሚጠለቅ ጎማ ሆኖ፣ ከፊቱ አንድ ክንድ የሚያህል ጠፍጣፋ ምላስ አለው፤ የዳክዬ እግር በይው። ውኃውን የሚገፋው እሱ ነው። እስካሁን ለእንግዶች የሚከራየውን እየተዋስኩ ነበር፤ አሁን ግን የእንግዳ ወቅት ስለሚገባ፣ ለፈተና የሚቀርብ ሰው የራሱን ይዞ ይምጣ ተብሏል። ከተማው ውስጥ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ አለ፤ ግን የእኔ ዓይነት ሰው ገብቶ የሚለካበት ቦታ አይደለም።

ላዳን ከሐርጌሳ በምታስመጣው የሰልባጅ ቦንዳ ውስጥ የማይገኝ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። በርበራም ባሕር ስላለ አንድ ሰው አይጠፋትም። ስለ ጫማ ደግሞ ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አላውቅም። ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው።

አክባሪሽ የወንድምሽ ልጅ
የጌታሁን


ጅጅጋ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ የጌታሁን፣

አምላክ ከባሕሩም ከየብሱም ይጠብቅህ። ደብዳቤህን ሹፌሩ ዐብዱልቃድር አምጥቶ ሰጠኝ። ኪሱ ውስጥ ከርሞ ጫት ጫት ይሸታል፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉልበቴን ካልሆነ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

እኔ ጫማ ለወታደር ሸጫለሁ፣ ለሙሽራ ሸጫለሁ፣ ከቀብሪበያ ለሚመጣው ከብት ነጋዴ ሁሉ ሸጫለሁ፤ ለዓሣ ግን ሸጬ አላውቅም። ላዳን ስነግራት ሳቋ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ። እኛ ባሕሩ አጠገባችን እያለ ግመል እንከተላለን፣ ያንቺ የደጋ ልጅ ባሕር ውስጥ ገባ አለችኝ። ስትስቅ ስትስቅ ቆይታ ግን የባሏ ወንድም በርበራ ወደብ ላይ ስለሚሠራ እንደምታስፈልግልህ ቃል ገብታለች።

ቁጥር ብቻ አይበቃኝም። የጣልያን አርባ ሁለትና የቻይና አርባ ሁለት አንድ አይደሉም፤ የዚህ የዳክዬውማ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል። ገጠር ላለ ዘመዱ ጫማ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው፣ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፍና እግርህን አስቀምጠህ ዙሪያውን በእርሳስ ሥለህ ላክልኝ። ቆመህ ይሁን እንጂ ተቀምጠህ እንዳይሆን፤ እግር ሸክም ሲኖርበት ይሰፋል። ሁለቱንም ላክ።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ልጅ ሆነህም ስነግርህ ኖሬያለሁ። ጫማ ሲገዛ መጀመሪያ ላይ ያዝ ማድረግ አለበት። ኋላ ይፈታል። ከመጀመሪያው የሚመችህ ጫማ ከወር በኋላ ይንሸራተታል።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እነ ወይዘሮ መልአክ ስላንተ አንስተው ነበር። አባትህ በሰማንያ ሦስት ከጦሩ ጋር እንደወጣ ሲቀር፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆነህ እንዴት እንደተቀበልኩህ አወሩ። ሰው ልጁን በባዶ እግሩ በሚሰድበት ዘመን እሷ ለወንድሟ ልጅ በየዓመቱ አዲስ ጫማ ታደርግለት ነበር አሉ። ደስ አለኝ። አሁን ደግሞ ባሕር ጠላቂ ሆነሃል ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ እንዳታሳፍረኝ።

እንደ እናት ያሳደገችህ አክስትህ
ንጋቷ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ንጋቷ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ስላመመሽ አዝኛለሁ፤ በዐብዱልቃድር የላክሁልሽን ቅባት ማታ ማታ እየተቀባሽ በጨርቅ ጠቅልይው። እኔ ደህና ነኝ። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የጠየቅሽኝን ሥዕል ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቀኙን ብቻ ነው የላክሁት፤ ግራውም ያው ነው።

ለላዳን ዘመድ እንዲነገረው ሙሴ ሬኔ ያለውን ልጻፍልሽ። ፓልም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተረከዙን ጭምር የሚሸፍን፣ በባዶ እግር የሚጠለቅ ነው። ሌላው ከኋላው ክፍት ሆኖ በማሰሪያ ይጠብቃል፤ ውስጡ ወፍራም የጎማ ካልሲ ይደረጋል። ለእንደኔ ዓይነቱ ጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል ይላል፤ ግን ካልሲው ሌላ ዕቃ ስለሆነ እንዳላስቸግራችሁ የመጀመሪያው ይሁንልኝ። ምላሱ በጣም ደረቅ ባይሆን ጥሩ ነው። አዲስ ሰው በደረቅ ምላስ ውኃውን ሲታገል ባቱ ይሸመቀቃል፣ አየሩንም ቶሎ ይጨርሳል። ረጅም ምላስ ያስሮጣል ተብሎ አይመረጥም፤ እኛ የምንፈልገው ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ተረከዝን የሚፍቅ፣ የእግርን ጀርባ የሚጫን ከሆነ አይወሰድም። ጣቶች ውስጡ ገብተው መንቀሳቀስ አለባቸው፣ ጫፉን ነክተው መታጠፍ የለባቸውም ይላል። ይህን የመጨረሻውን ደጋግሞ ነው የሚለው።

ለወይዘሮ መልአክ ገና ጠላቂ አልሆንኩምና አትንገሪያቸው።

አክባሪሽ
የጌታሁን


ጅጅጋ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ የጌታሁን፣

ለመጪው ገና እንኳን በሰላም አደረሰህ። በዓሉን ብቻህን እንዳታሳልፍ፤ እዚያ ካሉት ካገርህ ልጆች ጋር ተሰብሰብ። ቅባቱ ጉልበቴን አሻለው፤ ተመስገን ነው።

ጫማህ ተገኘ። ላዳን ድንበሩ ላይ ቶጎ ውጫሌ ድረስ ሄዳ ነው የተቀበለችልኝ። ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ነው። የሆነ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን አልተቀደደም፣ አልደረቀም። ሱቄ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ሲያየው ዋለ። ልብስ ሰፊው ጌዲ አጥልቆት እየተራመደ ሁሉንም አሳቀ፤ ላስወልቀው ስል ላዳን ናት ቀድማ ከእግሩ የጎተተችው።

የላክኸውን ሥዕል ካርቶን ላይ ለጥፌ ዙሪያውን ቆረጥኩትና ውስጡ አስገባሁት። ልክ ቁጭ አለ፤ ጣት ጋ ትንሽ ቦታ ተርፎታል። ሙሴው ጣት አይታጠፍ ስላለ ተጠንቅቄ ነው ያየሁት። እግርህ እንዴት እንደሰፋ ገረመኝ፤ ባሕሩ ነው መሰል። መጀመሪያ ቢቆነጥጥህ ቻለው። ጎማም እንደ ቆዳ ነው፣ ይፈታል።

የፈተናው ቀን ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ሻማ አበራልሃለሁ።

እንደ እናት ያሳደገችህ አክስትህ
ንጋቷ


ጅቡቲ፣ የካቲት 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ንጋቷ፣

በያለሽበት ሰላም ላንቺ ይሁን። ፓልሙ በሰዓቱ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ፤ ላዳንንም አመስግኝልኝ። ልኬ ነው። ፈተናው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ሥራው እንደ በፊቱ ነው። ሌላ የምጽፈው አዲስ ነገር የለም።

አክባሪሽ
የጌታሁን


ጅጅጋ፣ መጋቢት 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለየጌታሁን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ሰላምታውን አሳጥሬ ነው፤ ተረብሼያለሁና አትቀየመኝ።

ዐብዱልቃድር ትናንት መጥቶ ነበር። ልጅሽን ወደቡ ላይ አገኘሁት፣ ደህና ነው አለኝ። አነጋገሩ ስላላማረኝ ሻይ አስቀርቤ ያዝኩት። ፈተናው በጥር እንደነበረ፣ አብሮህ የተፈተነው ዐብዲራሺድ ፈተናውን እንዳለፈ፣ አንተን ግን ከውኃ ጎትተው እንዳወጡህ ነገረኝ። አንቺ የላክሽውን ጫማ ዐብዲራሺድ አድርጎት አየሁ፤ ለሱ የተሠራ ነው የሚመስለው አለኝ። አንተን ደግሞ በዚያ ሙቀት ካልሲና ጥቁር ቆዳ ጫማ አድርገህ ጠርሙስ ስትሸከም እንዳየህ ነገረኝ።

እሱ ሲሄድ ካርቶኑን ከመሳቢያ አወጣሁት። ሳልጥለው ቀርቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማየት የነበረብኝን አሁን አየሁት፤ ሁለተኛው ጣት ካውራ ጣቱ ይበልጣል። አንተ እኔ ቤት የመጣህ ቀን እግርህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አውራ ጣትህ ከሁሉም ይረዝም ነበር። ይህ የሌላ ሰው እግር ነው። የዐብዲራሺድ ነው አይደል?

ሰው የሌላውን እግር ሥሎ የሚልከው ለምንድን ነው? ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ እግርህ ተቆርጧል እንዴ? መርከብ ላይ የሆነ ነገር ወድቆብህ ነው? ዐብዱልቃድርን ሁለት እግሩ እንዳለ አይተሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጫማውን እንጂ እግሩን በምን አየዋለሁ አለኝ። ያን ጊዜ እኔስ መቼ ነው ያየሁት ብዬ አሰብኩ። ስምንት ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ ከዚያች ከታጠብክባት ቀን ወዲህ እግርህን ያየሁበትን ቀን ባስብ ባስብ አጣሁት።

እውነቱን ጻፍልኝ። የራስህን ሁለቱንም እግር ሥለህ ላክልኝ። የፈለገውን ቢሆን አልቆጣህም።

አክስትህ
ንጋቷ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ንጋቷ፣

ስላሳሰብኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለቱም እግሮቼ አሉ። ሁለቱንም ሥዬ አያይዣለሁ፤ አሁን የራሴ ናቸው።

ሥዕሉን ስታዪው ወረቀቱ የተንሸራተተ ይመስልሻል፤ አልተንሸራተተም። አራቱ ጣቶቼ ወደ ውስጥ ታጥፈው ነው የቀሩት፣ አውራ ጣቴ ደግሞ ወደ እነሱ ዞሮ በላያቸው ተኝቷል። እርሳሱ የሚያገኘው የታጠፈውን አንጓ እንጂ ጣቱን አይደለም፤ አጭር የሆነው ለዚያ ነው። አንጓዎቹ ላይ የጠቆረው የደነደነ ቆዳ ነው።

የዐብዲራሺድን እግር የላክሁት ስላፈርኩ ነው። ባሕር ለመግባት የሚመጣ ሰው ሁሉ ባዶ እግሩን ያሳያል፤ እኔ ግን ማንም ሳይመጣ እገባለሁ፣ ሁሉም ሲሄድ እወጣለሁ። ሱቁን የእኔ ዓይነት ሰው የማይገባበት ያልኩሽም ውሸቴን ነው። ማንም አይከለክልም። ወንበር ላይ አስቀምጠው ባዶ እግርህን አምጣ ስለሚሉ ነው ያልሄድኩት። ከተዋስኳቸው ውስጥ ሰፋፊውን እየመረጥኩ ካልሲ ጠቅጥቄበት ነበር የምማረው።

ያንቺን ፓልም ስሞክረው የታጠፉት አንጓዎቼን ከላይ ተጫናቸው። ይፈታል ስላልሽኝ ቻልኩት። አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ቀጥሎ ግራ ባቴ ተሸመቀቀ፤ ከዚያ መምታት አቃተኝ። ሙሴ ሬኔ በአየር ጠርሙሴ ማሰሪያ ይዞ አወጣኝ። ጀልባው ላይ ስድስት እንግዶች ነበሩ። ፓልሙን አውልቅና ባትህን ልሽልህ አለኝ። አላወልቅም አልኩ። ሕመሙ እያስለቀሰኝ አላወልቅም አልኩ። አንዲት ሴትዮ ልታግዘኝ ስታጎነብስ እግሬን ሰበሰብኩ፤ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ሙሴ ሬኔ፣ የሚያምህን የማትናገር ከሆነ ሰው ባንተ አምኜ ባሕር ውስጥ አልሰድም አለ። እውነቱን ነው። ያወለቅሁት ሁሉም ከወረዱ በኋላ፣ የሞተሩ ክፍል ገብቼ ነው።

በጥቅምት ሌላ ፈተና አለ፤ ስሜን ገና አልሰጠሁም።

ሰው ሲጠይቀኝ ስፈጠርም እንዲህ ነኝ እላለሁ። አንቺም ከመቼ ጀምሮ ነው ብለሽ አትጠይቂኝ።

አክባሪሽ
የጌታሁን


ጅጅጋ፣ ግንቦት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለየጌታሁን፣

አትጠይቂኝ ያልከውን አልጠይቅህም። የምነግርህ እኔ ነኝ፤ አንተ የማታውቀውም አለበትና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ወደ እኔ በመጣህበት ዓመት አንድ ትልቅ ካርቶን ጥቁር የተማሪ ጫማ ነበረኝ። ከድሬዳዋ ስረከብ አሳስተውኝ ሁሉም ሠላሳ አራት ቁጥር ሆኖ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ለልጁ ጫማ መግዛት ተወ። ካርቶኑ ሱቄ ጥግ ላይ ቀረ። አንተ እግርህን ሳጥብህ በስንዝሬ ለክቼሃለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ነበርክ። ሠላሳ ስድስት አጥቼ አይደለም። መደርደሪያው ላይ ሦስት ጥንድ ነበረኝ። እሱ የሚሸጥ ነው፣ ይሄ የማይሸጥ ነው አልኩና ከካርቶኑ አውጥቼ ሰጠሁህ። ይፈታል አልኩህ።

በሁለተኛው ዓመት ሶሉ ሲያልቅ ከዚያው ካርቶን ሌላ ሰጠሁህ። በሦስተኛውም። አንተ እያደግህ፣ ቁጥሩ ያው ሠላሳ አራት። ሰው የሚያየው አዲስ መሆኑን ነው፤ ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያ ጫማ ነው እነ ወይዘሮ መልአክ እስከ ዛሬ የሚያመሰግኑኝ። እኔም እቀበላለሁ።

አላወቅሁም ነበር ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ። ስታነክስ አይቻለሁ። አንድ ጠዋት ከጓሮ ጫማውን በባልዲ ውኃ ውስጥ ስትዘፈዝፈው አገኘሁህ። ምን ታደርጋለህ ብልህ እንዲለሰልስ ነው አልከኝ። ቆዳውን ታበላሸዋለህ ብዬ ተቆጣሁህ። እጄም ሳያርፍብህ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጫማ ተናግረህ አታውቅም፤ እኔም ደህና ሆነ ማለት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሥራዬ እግር ማየት ነው፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ስንት ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ። ያንተን አለማየት ነው የመረጥኩት።

የላክኸውን ሥዕል ሳይ ላዳን አጠገቤ ነበረች። የማን እግር ነው፣ ምስኪን፣ አለችኝ። የአንድ ደንበኛዬ ነው አልኳት። ይህን ደብዳቤ በልቤ እየጻፍኩ እንኳ ዋሸሁ። በጣም አፍሬያለሁ። ባንተ ፊት ብቻ አይደለም፤ ሱቅ ገብቶ ልጁን ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ ያሳፍረኛል።

በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ካልሆነልህም መብትህ ነው። ለጥቅምቱ ፈተና ግን ስምህን ስጥ። እኔ ያበላሸሁት እግርህን ነው፤ ሌላውን እንዳላበላሽ።

ንጋቷ


ጅቡቲ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ ንጋቷ፣

እንደምን ከረምሽ? ዐብዱልቃድር በክረምቱ ጉንፋን ጥሎሽ እንደነበር ነግሮኛል፤ አሁን እንደተነሳሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

አምስት ወር ሙሉ ያልጻፍኩት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ሠላሳ ስድስቱ መደርደሪያው ላይ እንደነበረ አላውቅም ነበር። እኔ ቸግሯት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ያላትን ሰጠችኝ፣ የተለቀው የእኔ እግር ነው ብዬ። ሕመሙን የደበቅሁትም ልጁ ምስጋና የለውም እንዳይሉኝ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ይህን ሁሉ ዓመት ያፈርኩት በማን ነገር እንደሆነ ገባኝ፤ ተነስቼ ከመርከቦቹ ጀርባ ሄድኩና ብቻዬን ጮህኩ። ልደብቅሽ ስለማልፈልግ ነው የምጽፍልሽ።

ንዴቱ ግን አንድ ነገር አደረገልኝ። ለዐብዲራሺድ እግሬን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ዋላል፣ ወንድሜ፣ እኔ ጠላኸኝ ብዬ ነበር" አለኝ። በሰው ፊት ጫማዬን የማላወልቀውን ከሱ እንደመራቅ ቆጥሮት ኖሯል። ያን ሱቅ አብረን ሄድን። ሻጯ ፋይሶ የምትባል ያገሩ ሴት ናት። ካልሲዬን አወለቅሁ። እግሬን በሁለት እጇ ይዛ ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ ተነስታ ተረከዙ ክፍት የሆነውንና ወፍራሙን የጎማ ካልሲ አመጣች። ካልሲው ከቁጥርህ ከፍ ይበል፣ ጣቶችህ እንደታጠፉ ይረፉበት፤ እግርህን ለጫማው አታስገድደው አለችኝ። አጥልቄ ስቆም ይመቻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፤ የሚመች ጫማ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። እንግዲያው ተቀመጥ፣ ሩብ ሰዓት አድርገው ቆይ፣ የሚያምህ ነገር ራሱ ይናገራል አለች። ተቀመጥኩ። ምንም አልተናገረም።

ጥቅምት 9 ቀን ፈተናውን አለፍኩ። ከመውረዳችን በፊት እግሬን ለሙሴ ሬኔ በእንግዶቹ ፊት አሳየሁት፤ ይህን በጥር ብታሳየኝ ምን ነበረበት ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። አሥራ ስምንት ሜትር ወረድኩ። ባቴ አልተሸመቀቀም። ውኃ ውስጥ ሆኜ እግር እንዳለኝ ረሳሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ይቅርታ ጠይቀሽኛል። ይቅር ብያለሁ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ግን አሁን ብልሽ እዋሽሻለሁ፤ ውሸት ደግሞ ሰልችቶኛል። አንዳንድ ቀን ይወጣልኛል፣ አንዳንድ ቀን ይመለሳል። ለገና ግን መጥቼ አይሻለሁ።

የወንድምሽ ልጅ
የጌታሁን


ጅጅጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለየጌታሁን፣

ፈተናውን ማለፍህን ሳነብ እልል ማለት አማረኝ፤ አፍሬ ተውኩት። እልልታው የእኔ አይደለም።

የተናደድከውን ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ይቅር በለኝ ብዬም አልነዘንዝህም፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ካልመጣም ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ለላዳን እውነቱን ነገርኳት። ሥዕሉ የደንበኛ አይደለም፣ የየጌታሁን ነው፣ ያደረግሁትም እኔ ነኝ አልኳት። ሁለት ቀን ሰላምታ ነፈገችኝ። በሦስተኛው ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ወይዘሮ መልአክም ባለፈው እሑድ እንደ ልማዳቸው ሲያመሰግኑኝ፣ ያ ጫማ ልኩ አልነበረም አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ደግሜ ነገርኳቸው። ከዚያ ብቻዬን ወደ ቤት ሄድኩ።

ለገና ና። የምትተኛበትን ክፍል አጽድቼዋለሁ። ጫማህን አውልቅ አልልህም፤ እንዳደረግኸው ብትገባና ብትወጣም ቅር አይለኝም። ግን በባዶ እግርህ ቤቴ ውስጥ ብትቆም፣ እንደ ድሮው ፊቴን አላዞርም። አየዋለሁ።

አክስትህ
ንጋቷ